ሶስናና የአባቴ ወደብ

ሶስና መሞቷን የነገረችኝ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ኢንግሪድ ናት። ጠዋት ከምኖርበት የኦስሎ ሰፈር፣ ከትቬይታ፣ ወደ መሃል ከተማው ወደ ሴንትሩም በሚወስደው ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነበር ስልኬ የጠራው። ኢንግሪድ ስታለቅስ ሰምቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ ድምጿን አልለየሁትም። ሶስና ትናንት ቤቷ ውስጥ ወድቃ ተገኘች፤ ሆስፒታል ብትደርስም አልተረፈችም፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አለችኝ። ገና የሠላሳ ዓመት ልጅ ነበረች። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ሰው መጀመሪያ ስለ ሟቹ ያስብ ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የመጡብኝ አባቴ ናቸው። ለእሳቸው እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ፣ እኔ ብሞት ለእሷ የሚያለቅሱትን ያህል ያለቅሱልኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

እቀናባት ነበር። ይህን የምጽፈው ቅናቱ ስላለፈልኝ አይደለም።

ሶስና ወደ ቢሮአችን የመጣችው ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው። ቢሮአችን ሴንትሩም ውስጥ ያለ ትንሽ የአማካሪዎች ቢሮ ነበር። የምንሠራው የድሮ የቅየሳ ካርታዎችን ከዛሬው ካርታ ጋር ማገናኘት ነው። ያኔ የኦስሎ ወደብ ዙሪያ በሙሉ እየተቆፈረ አዲስ ሰፈር ይሠራበት ስለነበር ሥራ ሞልቶናል። ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ቦታው ድሮ ምን እንደነበረ መታወቅ አለበት፤ ደረቅ መሬት ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ ወይስ ባሕር። እኔ አዲስ አበባ ቅየሳ ተምሬ እዚህም እንደገና የተማርኩ ነኝ። የድሮዎቹን ካርታዎች ስካን እያደረግሁ፣ ዛሬም ካልተነቃነቁት ከምሽጉ ግንብና ከቤተ ክርስቲያኖቹ ማማ ጋር እያስተያየሁ ወደ ዛሬው ልክ የማመጣቸው እኔ ነበርኩ። ባሕሩ ድሮ የት ድረስ ይመጣ እንደነበር የሚያሳየውን መስመር ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሶስና ደግሞ እዚሁ ኦስሎ፣ ሮመን የሚባል ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አጭር ናት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ትሰካበታለች፤ ከዚያ እርሳስ ጠፋብኝ ብላ የሰው ጠረጴዛ ታምሳለች። አማርኛዋን የተማረችው ከእናቷ ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ይፈሳል፤ ሌላ ነገር ላይ ሲደርስ መሃሉ ላይ ኖርዌጅኛ ይገባበታል። ቢሮ ዘግይታ ትመጣለች። የእኔን ማትፓከ፣ ከቤት ቋጥሬ የመጣሁትን ምሳ፣ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ግማሹን በልታ፣ ግማሹን በሥርዓቱ ጠቅልላ ትመልሰዋለች። በስልክ ስታወራ ፎቁ ሁሉ ይሰማታል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያኔ ስመዘግብባት ስለነበር ነው። ከእኔ በስተቀር የሚመዘግብባት ሰው አልነበረም።

በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን የሆነው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም ያረጀውን የወደቡን ካርታ ዘርግተን ዙሪያውን ቆመናል። ሶስና ከነጃኬቷ ገባች፣ ሰላም አለችን፣ ከዚያ ማንም ወደሌለበት ወደ ማዶው ዞረች። ኢንግሪድ «ከዚያ በኩል እኮ ተገልብጦ ነው የሚታይሽ» አለቻት።

«ነይ፣ ወደብ የሚታየው ከባሕር በኩል ነው» አለች ሶስና። «መርከቡ ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ከመሬት በኩል የሚያይ ሰው የሚያየው የከተማውን ጀርባ ነው።»

ኢንግሪድ ሳቀችና ዞራ አጠገቧ ቆመች። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ። በእኔ በኩል የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሌላው የማልረሳው ጥያቄዋ ነው። ሰው አንድ ነገር ሲነግራት ዓይኖቿን ሳትነቅል «እና ከዚያስ?» ትላለች። ለጨዋታ ማሞቂያ አይደለም። መልሱን እስክታገኝ እንቅልፍ የማይወስዳት ትመስላለች። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛም፣ የሕንፃው ባለቤትም፣ ሊፍት ሊጠግን የመጣው ሰውዬም በዚህች ጥያቄ ተጠልፈው የልባቸውን ሲነግሯት አይቻለሁ።

ኢንግሪድ የድሮውን የባሕር ዳርቻ ለኮሙኔው፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ሰዎች የማስረዳቱን ሥራ ለእኔ ሰጥታኝ ነበር። ለሳምንታት ተዘጋጀሁ። ቀኑ ሲደርስ ካርታዎቹን በተራ እያሳየሁ አስረዳሁ። ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ስልካቸውን ይነካካሉ። ስጨርስ ኢንግሪድ ወደ ሶስና ዞር ብላ የምትጨምሪው አለሽ ወይ አለቻት።

ሶስና «ጃኬታችሁን ልበሱ» አለቻቸው።

ወደ ባቡር ጣቢያው ጓሮ ወሰደቻቸው። ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ በሚተላለፍበት መሃል ቆማ «እዚህ ጋ ውሃው አንገታችሁ ድረስ ነው» አለቻቸው። ጥቂት ተራመደችና «አሁን ጉልበታችሁ ድረስ» አለች። ከዚያ እኔ ባወጣሁት መስመር ላይ፣ በሱቅና በቢሮ ሕንፃ መሃል፣ የድሮውን ዳርቻ ተከትላ አስኬደቻቸው። ጉባኤ ሊሰሙ የመጡ ሰዎች እንደ ልጆች እየሳቁ ተከተሏት፤ አንዱማ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ይራመድ ነበር። በየቆመችበት «ይህን መስመር ያገኘችው ሙሉ ናት፣ እሷ ባትኖር ይህን አናውቅም» ትላለች። ሙሉ እኔ ነኝ። እንዲህ ባትል ይሻለኝ ነበር። ሥራዬን ነጠቀችኝ ብዬ እንዳልጠላት እንኳ ቀዳዳ አልተወችልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ የወደቡ ሥራ የሚመራው በሶስና ሆነ። ኢንግሪድ ስትነግረኝ «አንቺ ካርታው ላይ ብትሆኚ ነው የሚሻለው» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ለዚያ ነው ያንገበገበኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሶስና ቅየሳ እንዴት ልማር እንደቻልኩ ጠየቀችኝ።

«አባቴ ቀያሽ ነበሩ» አልኳት።

«የት?»

«አሰብ።»

«አሰብ ወደቡን? ወደቡ ሲሠራ?» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እና ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም» አልኳት። ዋሽቼ አይደለም። የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። አባቴ አሰብ ይሠራሉ፤ ለፋሲካና ለክረምት ይመጣሉ፤ ፊታቸው ከስሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ቴምር ይዘው። ሕፃን ሳለሁ እናቴ «አባትሽ አሰብ ነው» ስትለኝ የሆነ ቦታ ተቀምጠው ሲያስቡ ይታየኝ ነበር። አሰብ የሚባል ከተማ መኖሩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ካወቅሁ በኋላ ግን ያንን ከተማ እንደ እንጀራ እናት ቀናሁበት። ከእናቴና ከእኔ የበለጠ የሚወዱት ነገር እዚያ ያለ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት እናቴ ታማ ሞተች። አባቴ የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለምን እንደዘገዩ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ውስጥ አሰብ ተብሎ አይጠራም። እሳቸው አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሥራውን ግን ሥራዬ አድርጌ ያዝኩት።

አባቴን ወደ ኦስሎ ያመጣኋቸው ሌላ ዘመድ ስላልቀረላቸው ነው። ትቬይታ እኔ ጋ ሆነው ቀኑን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የመኪና ማቆሚያውን ያያሉ። እንዴት ዋሉ ስላቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። ከሥራ ስመጣ በሩን ከፍቼ የምሰማው ይህንኑ ነው። ሶስና አባትሽን ልያቸው ስትለኝ፣ ብትመጪም ብዙ አይጫወቱም ብያት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀረፋ ያለበት ዳቦ ይዛ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ቀጥታ ወደ አባቴ ሄዳ ጉንጫቸውን ሳመችና «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» አለቻቸው። ደነገጥኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አባቴን አንቱ ስል የኖርኩ ነኝ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ደህና ነኝ። ቁርስ በልተሻል?» አሏት።

«ነይ።»

አባቴ ወደ በሩ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ማንን ነው ግቢ የምትለው?» አሉኝ።

«ማንንም አይደለም አባባ። በእነሱ ቋንቋ «ነይ» ማለት «አይ» ማለት ነው፤ አልበላሁም ማለቷ ነው።»

አባቴ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ሶስናም ነገሩ ሲገባት ወንበሩ ላይ ተደፋች። አባቴ ኦስሎ ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሻይ ላፈላ ወደ ኩሽና ስሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ደስታ አልነበረም።

ስመለስ አባቴ ከግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ አውርደው፣ ያለፈውን ወር ቀድደው ጀርባው ላይ እየሣሉ ነው። አሁንም እጃቸው መሣል እንደሚችል አላውቅም ነበር። የባሕሩን ጉብጠት፣ ደሴቶቹን፣ ማረፊያውን ሠርተው ጨረሱና፣ ማንም ሳይነግራቸው ወረቀቱን አዙረው ባሕሩን በእሷ በኩል አደረጉት።

«ስንሄድ የተሰጠን ጣሊያኖች ያወጡት አሮጌ ካርታ ነበር» አሏት። «ባሕሩ ላይ ቁጥር በቁጥር ነው። ጥልቀቱ ሁሉ ተለክቷል። መሬቱ ግን ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ለመርከብ የሚያስፈልገው ባሕሩ ነዋ። ስንደርስ ነጩ ላይ ሰው ይኖራል። አጥር አለ፣ ፍየል አለ፣ ጀልባ ተገልብጦ ይጠገናል።»

«እና ከዚያስ?»

«ከዚያማ በፕላኑ መሠረት ችካል መምታት ነው። መንገዱ በዚህ፣ መጋዘኑ በዚያ፣ የሠራተኛው ሰፈር እዚህ። ፀሐይ ከወጣች መሣሪያው በእጅ አይነካም፣ ያቃጥላል። ጎህ ሲቀድ ነው የምንሠራው። ንፋሱ ደግሞ አለልሽ።»

«እና ከዚያስ?»

«አሰብ ሰጊር ከሚባለው ሰፈር ስንደርስ መስመሩ የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ሚስት ቤት ላይ አረፈ። ባሏን ባሕር ወስዶት የቀረ ነው። ችካሉን ስንመታ ወጥታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ቋንቋ አንግባባም። ተነሺ አልናት፣ አልተነሳችም። በነጋታውም እዚያው ናት። ልጇን ታቅፋለች። አለቃዬ ቀጥል አለኝ። ፕላኑ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።»

ሶስና አሁን አልጠየቀችም። አባቴ በእርሳሱ ቀጥ ያለውን መስመር ሲያወርዱ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ወደ ባሕሩ ጠምዘዝ አደረጉት።

«አጠፍኩት» አሉ። «በራሴ። እሷን አልፎ እንደገና ቀጥ ይላል። አለቃዬ ሲደርስበት ሥራው አልፏል፤ ከወደቡ አንስቶ በረሃ ላከኝ፣ ጨው የሚመረትበት። የዚች ልጅ እናት መታመሟን የሚናገረው ቴሌግራም ወደቡ ቢሮ መጥቶ፣ እኔ በረሃ ነኝ፤ ቀረ። ስሰማ አልፏል።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ በሞተች በስንት ዘመኑ፣ አባቴ ለምን እንደዘገዩ የሰማሁት ለሌላ ሰው ሲነገር ነው። ሶስና ዞር ብላ አየችኝና ተነሥታ ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ብትናገር ኖሮ የማስወጣት ይመስለኛል።

ከሄደች በኋላ «ይህን ለምን ነግረውኝ አያውቁም?» አልኳቸው።

«አሰብ ሲባል ስትሰሚ ፊትሽ ይጠቁራል» አሉኝ። «ትንሽ ሆነሽም እንደዚያው ነበርሽ።»

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። ሁለተኛው ጊዜ ላይ «አባባ» ብላ ጠራቻቸው። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው ኮት ይለብሳሉ። ከሐሙስ ጀምሮ «ሶስና ትመጣለች?» ይሉኛል። ሳምንቱን ሙሉ የማበላቸው፣ መድኃኒት የማውጣላቸው፣ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ ኮት የሚለበሰው ግን ለእሷ ነው። ዳቦዋን ለሳምንት ቆጥበው ይበላሉ። የተቀየሰውን ሁሉ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ የትኛው መንገድ መጀመሪያ እንደተጠረገ፣ ሁሉን ነገሯት። እሷም ቢሮ መጥታ ትነግረኛለች። «አባባ እንዲህ ያለውን ሰምተሻል?» ትለኛለች፣ የገዛ አባቴን።

አንድ ቅዳሜ ልትሄድ ስትል ጫማዋን እያሰረች «መንገዱ እንደታጠፈ ይሆን? አላቃኑት ይሆን?» አለቻቸው። አባቴ ትከሻቸውን ሰበቁ። እኔ ግን ፊቷን ሳየው እንደምትሄድ አወቅሁ።

በሩን ዘግተን ወጥተን ወደ ጣቢያው ስንሄድ «አብረን እንሂድ ሙሉ» አለችኝ።

«የት?»

«አሰብ። ከአስመራ ፈቃድ ይሰጣሉ ይባላል። ሁለታችንም የዚህ አገር ፓስፖርት አለን፣ ኢከ ሳንት? አይደለም እንዴ?»

«አባባን ለማን ትቼ?»

«እናቴ ትመጣለች። ሁለት ሳምንት ነው።»

«አልሄድም።»

ጥቂት ተራመድን። «እንግዲያ እኔ ልሂድልሽ?» አለችኝ።

«ለእኔ አይደለም የምትሄጂው» አልኳት።

«ያ፣ አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ለእሱ ነው። ለራሴም። ለአንቺም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

የራሷን አባት አታውቀውም፤ እናቷ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ማወቄ ግን አላበረደኝም። አባት የሌላት ልጅ ከእኔ ላይ አባት መውሰዷ ነው የታየኝ።

ሄደች። አስመራ ቁጭ ብላ ፈቃድ ስትጠብቅ ሰነበተች፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ያለውን ሰውዬ በጥያቄዋ እንደምታደክመው አልተጠራጠርኩም። ከዚያ በአውቶቡስ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ገባች። ስልክ አይሠራም፤ ወሬዋ ጠፋ። አባቴ እህል መቅመስ አቃታቸው። «ምነው ባልነገርኳት» ይሉ ነበር። እኔም ሠጋሁላት። ግን ሁለቱ ስሜቶች አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም። ሠጋሁላት፣ ደግሞም አባቴ መስኮቱ አጠገብ ለእሷ ሲጨነቁ አይቼ፣ እኔ ስደት ወጥቼ ሱዳን ስገባ እንዲህ ሆነው ይሆን ብዬ ጠየቅሁ።

ስትመለስ በቀጥታ ከአየር ማረፊያው ነው የመጣችው። ከስታ፣ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ። ስልኳን ሶፋው ላይ በመሃላቸው አድርጋ ቪዲዮውን ከፈተችላቸው። መንገድ ነው። ሰው የለበትም ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ፣ በሌላው ፍየሎች፣ ከሩቅ ባሕሩ። ስልኩ በሶስና እጅ ላይ እየተወዛወዘ ወደፊት ይሄዳል። ከዚያ መንገዱ ትንሽ ወደ ባሕሩ ጠምዘዝ አለ፣ አንዲት አሮጌ አጥር አለፈ፣ እንደገና ቀጥ አለ።

አባቴ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ስላደረጉት ቪዲዮው ቆመ። ሶስና መልሳ ከፈተችላቸው። ደጋግመው አዩት።

«አላቃኑትም» አሉ።

«አላቃኑትም አባባ። ያጠፍከው እንዳለ ነው።»

አባቴ አለቀሱ። ዘግይተው ደርሰው እናቴ መቃብር ላይ እንኳ ሲያለቅሱ ያላየሁ ልጅ ነኝ። ሶስና አንገታቸውን አቅፋ አብራ ታለቅሳለች። እኔ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከታች ሰዎች ከገበያ ማዕከሉ ዕቃ ይዘው ይወጣሉ። አባቴ በመጨረሻ አልቅሰዋል፣ ያንን እንባ ከውስጣቸው ያወጣችው ግን እኔ አይደለሁም። ያን ዕለት የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም። ስመለስ ሶስና አባቴ ትከሻ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። አባቴ እንዳትነቃ ብለው ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብስ አምጥቼ ያለበስኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረን ጊዜ አጭር ነው። ቅዳሜዎች መጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ኢንግሪድ ደወለች።

የዚያን ዕለት ወደ ሥራ አልሄድኩም፤ ተመልሼ ቤት ገባሁ። አባቴ ቀና ብለው ያለሰዓቴ መምጣቴን አዩ። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«እናቷ ማን አላት?»

እናቷን ወይዘሮ ጥሩነሽን አይቻቸው አላውቅም ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ሮመን ቤታቸው ስንደርስ ሰው ሞልቶ ደረጃው ድረስ ወጥቷል። አባቴን አስቀምጬ ኮት ልሰቅል ወደ ጓዳው ስገባ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሶስናን አልጋ ጫፍ ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ደርቋል።

«የቅዳሜዋ ሙሉ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«እኔ ከሥራ የማርፈው ቅዳሜ ነው። ሌላውን ቀን እሷም የለችም፣ እኔም የለሁም። ቅዳሜን ነበር የምጠብቀው። ቅዳሜ ደግሞ እናንተ ጋ ናት። ስትመጣ አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ እንዲያ አለ ነው። አባት ስላላገኘች ነው ብዬ ዝም አልኩ።» አልጋውን ለቀቁት። «ቀናሁባችሁ። ሳላውቃችሁ ጠላኋችሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ብሎ ያጽናናቸው እንደነበር አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህ ነገር የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እኔም እሷን» አልኳቸው።

አዩኝ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰለኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አሉና በእጃቸው ጎናቸውን መታ መታ አደረጉልኝ፤ ተቀመጥኩ። ሰው መጥቶ እስኪጠራን እዚያው ነበርን።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ቅዳሜ እኛ ጋ እንዲመጡ ለመንኳቸው። መጡ። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። ስለ ልጃቸው ይነግሯቸው ጀመር። ሶስና ምን እንደጠየቀች፣ ምን ብላ እንዳሳቀቻቸው፣ ከአሰብ ስትመለስ አፍንጫዋ እንዴት ተልጦ እንደነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ እንደተራበ ሰው ይሰሟቸዋል። እኔ ኩሽና ሆኜ ሁለቱ ሲስቁ ሰማሁ፤ ያ የማውቀው ቅናት ተመልሶ መጣብኝ። እሷ ሞታ እንኳ አልተወኝም። ምድጃውን አጠፋሁ። አንድ ወንበር ይዤ ሄድኩና ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አልኳቸው። «እኔ ከመሃል ነው የሰማሁት።»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «የምኑን መጀመሪያ?»

«አሰብ የሄዱበትን።»

«እሱንማ ለሶስናም አልነገርኳት» አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «መጀመሪያው ደሴ ነው። እናትሽ አንቺን አርግዛለች። አሰብ ቀያሽ ይፈለጋል ሲባል እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። ሂድ ያለችኝ እሷ ናት። ሂድና ቦታ ያዝልን፤ ባሕሩን የሚያይ ቤት እንሠራለን፣ ልጃችን መርከብ እያየ ያድጋል አለችኝ። ሙቀቱን ብትችል ኖሮ ትመጣ ነበር፤ ጤናዋ እንቢ አለ። እና አሰብ ስደርስ፣ አለቃዬ ሥራ ሳያሳየኝ፣ ፕላኑም ሳይሰጠኝ፣ መጀመሪያ የቀየስኩት የእናንተን ቦታ ነው። ከባሕሩ ዳር። አራት ችካል።»

ወይዘሮ ጥሩነሽን አየኋቸው። እያዩኝ ነው። አባቴ በሕይወት አሉ፣ ስለ መወለዴ ይነግሩኛል፤ የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ግን የለችም። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዓመታት እኔ ሶስናን ያየሁበት አስተያየት ነው። እጃቸውን ያዝኩ። ጠበቅ አድርገው ያዙኝ፤ ያማል። አላስለቀቅኋቸውም። አባቴም ቀጠሉ።